የቁልፎችን ሥራ ስለ መለወጥ

ብዙ ሰው የኮምፒዩተር ቁልፍ በላዩ የታተመበትን ፊደል ብቻ የሚያወጣ ይመስለዋል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ቁልፉ ሲነካ ወደ መኪናው የሚሄደው አንድ ቁጥር ነው፤ ቁጥሩ የትኛው ፊደል እንደሚሆን የሚወስነው በውስጡ የተቀመጠ ሠንጠረዥ ነው። ሊኑስ ቶርቫልድስ የተባለው የፊንላንድ ተማሪ እ.ኤ.አ. በ1991 በጀመረው በሊኑክስ፣ ይህ ሠንጠረዥ እንደ ማንኛውም ጽሑፍ ተከፍቶ ይነበባል፤ የፈለገም ያሻሽለዋል።

እኔ በዚህ ሥራ መድከሜ ስለ ሴት አያቴ ነው። አያቴ እዚህ ወልቂጤ ከእኛ ጋራ ይኖራሉ፤ የቸሃ ተወላጅ ናቸው፤ ተረት ሲያወሩ ሰው ከእሳት ዳር አይነሣም። ባለፈው ክረምት ተረታቸውን መጻፍ ጀመርሁ። ታናሽ እኅቴ በአማርኛ ፊደል ብቻ የተጻፈውን ስታነብላቸው ግን «ይኸ ደግሞ የማን አገር ቋንቋ ነው?» አሉ። እውነታቸውን ነው። አማርኛ ሟ አለው እንጂ ከንፈር አሞጥሙጦ የሚነገረው ግዕዙ ᎀ የለውም፤ ᎄና ᎈም እንዲሁ። እኔ በሚመጣው ዓመት ከቤት እሄዳለሁ፤ ያን ጊዜ አንባቢዋ እርሷ ብቻ ናት።

ፊደሎቹስ አልጠፉም። ዩኒኮድ የተባለው የዓለም የፊደል መዝገብ የግዕዝን ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ተቀብሏል፤ ለሰባት ቤት ጉራጌ የሚያስፈልጉት በ2005፣ ሌሎች 28 የጉራጌ ፊደሎች ደግሞ በ2021 ተጨምረዋል። በእኔ መኪና የጎደለው እነርሱን የሚያወጣ ቁልፍ ነበር።

ስለዚህ በስተቀኝ ያለውን አልት ማጣመሪያ ቁልፍ አደረግሁት። ቀጥሎ በአንድ ትንሽ ፋይል ውስጥ እያንዳንዱን ጥምረት በየመስመሩ ጻፍሁ፤ ወጥቼም እንደገና ገባሁ። አሁን ያን ቁልፍ ነክቼ ኤም፣ ደብልዩ፣ ኢ ብመታ ᎀ ይወጣል፤ በቢ ብጀምር ᎄ፣ በኤፍ ብጀምር ᎈ። አሥራ ስድስቱን የከንፈር ፊደሎች ለመጨረስ ሁለት ማታ ፈጀብኝ፤ መብራት ባይጠፋ አንዱ በበቃ።

ካፕስ ሎክንም አልተውሁትም። ፊደላችን ትልቅና ትንሽ የለውም፤ ታዲያ ይህ ቁልፍ ለእኛ ምን ይሠራል? ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ መለወጫ አደረግሁት። እኅቴ ግራኝ ስለሆነች የማውሱን ግራና ቀኝ አለዋወጥሁላት፤ ከእርሷ በኋላ የሚቀመጡት አባቴ ግን እስከ ዛሬ ይቈጣሉ።

ከ2021ዎቹ ፊደሎች አንዳንዶቹ በእኛ መኪና ላይ ገና ባዶ ሳጥን ሆነው ይታያሉ፤ አዲስ የፊደል ቅርጽ እስካገኝ ቦታቸውን በቀይ ምልክት እያደረግሁ አልፋለሁ። እስካሁን 31 ተረቶች ተጽፈዋል። አያቴ ግን ገና መጀመሬ ነው ይላሉ።