እናቲቱንስ ማን ጠየቃት?

በእኛ ሰፈር በሲግናል አራስ ሲጠየቅ ወሬው ሁሉ ስለ ሕፃኑ ነው። «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ከተባለ በኋላ ጥያቄው ወደ ልጁ ይዞራል። ስንት ኪሎ ተወለደ? ማንን ይመስላል? ጡት ይዟል? ገንፎውና አጥሚቱ እንኳ ለእናቲቱ የሚቀርበው «ጡትሽ እንዲሞላ» እየተባለ ነው። የልቧን የሚጠይቃት ጥቂት ነው።

ይህን የምጽፈው ሁለተኛ ልጄን ወልጄ ስለታመምኩ ነው። ምጡ በሰላም አለፈ፣ ልጁም ጤነኛ ነበር። ልታርሰኝ ከደብረ ብርሃን የመጣችው እናቴም፣ ባለቤቴም፣ ጎረቤቱም ደስ ብሏቸዋል። እኔ ግን ልጁን ሳቅፈው የሰው ልጅ ያቀፍኩ ይመስለኝ ነበር። እሱ ሲተኛ እኔ ጣሪያ ጣሪያ እያየሁ አነጋለሁ። እንግዳ ሲመጣ እስቃለሁ፤ በሩ ሲዘጋ አለቅሳለሁ። ጤነኛ ልጅ ታቅፎ ማልቀስ እግዜርን ማማረር ስለመሰለኝ ለማንም አልተነፈስኩም።

በወሊድ ማግስት ሆድ መባስ ብዙ አራሶች ላይ ይታያል። የሰውነት ሆርሞኖች በድንገት ይወርዳሉ፤ ድካምና እንቅልፍ ማጣትም ይጨመርበታል። ይህ ግን በ2 ሳምንት ውስጥ ይለቃል። ከዚያ አልፎ ሐዘኑ፣ ጭንቀቱ፣ የምግብ ፍላጎት ማጣቱና «እኔ ለዚህ ልጅ አልረባም» የሚለው ስሜት ከቀጠለ የድኅረ ወሊድ ድብርት ሊሆን ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከወለዱ ሴቶች 13 በመቶ ያህሉ የአእምሮ ሕመም፣ በተለይም ድብርት ያገኛቸዋል፤ በታዳጊ አገሮች ቁጥሩ ወደ 20 በመቶ ይጠጋል። ቅብጠት ወይም የእምነት ማነስ አይደለም።

እናቴ ሐኪም አይደለችም፤ የለየችው በዓይኗ ነው። ገንፎው ሳይነካ ሲመለስ አየች። ልጁን ስቀይረው አንድ ቃል እንደማላወራው አየች። አንድ ቀን «ልጁ ተኝቷል፣ ሰው ይዞልሻል፤ አንቺ የማትተኚው ለምንድን ነው?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

ጎረቤት የየራሱን አለ፤ አንዷ «ዓይን ነው»፣ ሌላዋ «የዘመኑ ልጆች አመል ነው»። እናቴ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ወጥታ ጸበል አመጣችልኝ፤ በእምነት ጠጣሁ። እሷ ግን በዚያ አላበቃችም። በ45 ቀኑ ልጁን ለክትባት ጤና ጣቢያ ወሰድነው። ነርሷ መዝና፣ ክትባቱን ሰጥታ ስትጨርስ እናቴ ከወንበሩ አልተነሳችም። «ልጁስ ደህና ነው፤ የእኔን ልጅ ደግሞ እዩልኝ» አለቻት።

ነርሷ በሩን ዘግታ ስላለፉት 7 ቀናት 10 ጥያቄዎች ጠየቀችኝ። መጠይቁ እ.ኤ.አ. በ1987 በስኮትላንድ ኤዲንብራ የተዘጋጀ ነው፤ በአዲስ አበባ በወለዱ እናቶች ላይ ተፈትኖም ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2010 ታትሟል። የመጨረሻው ጥያቄ ራስን ስለመጉዳት ነው። ይህን መጠየቅ ሐሳቡን ያመጣል ብለው የሚፈሩ አሉ፤ አያመጣም። እኔን እንዲያውም ሸክም አወረደልኝ።

ከዚያ ወደ አእምሮ ሐኪም ተላክሁ። ሕክምናው የንግግር ምክርና መድኃኒት ነበር። ጡት ለምታጠባ እናት የሚስማሙ መድኃኒቶች ስላሉ ልጄን ማጥባት አላቆምኩም። መድኃኒቱ በማግስቱ አይሠራም፤ ሳምንታት ይወስዳል። «ተሻለኝ» ብሎ በራስ ማቋረጥም ሕመሙን ይመልሰዋል።

አሜሪካ ያለችው እህቴ ደግሞ በስልክ «ሂፕኖቴራፒ ሞክሪ» አለችኝ። ሐኪሜን ጠየቅሁት። ባለሙያ በድምፁ እየመራ ሰውነትንና ሐሳብን አሳርፎ፣ በዚያ እርጋታ ውስጥ ጭንቀትን ለማቅለል የሚሠራበት ዘዴ ነው። ሰው ፈቃዱን አያጣም፤ ድግምትም አይደለም። ነገር ግን ጥናቶችን የሚመዝነው ኮክሬን የተባለ ተቋም እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጣው ግምገማ፣ የድኅረ ወሊድ ድብርትን ይከላከላል ለማለት በቂ ማስረጃ አላገኘም። ስለዚህ የሚሞክረው ሰው በአእምሮ ሕክምና የሠለጠነ ባለሙያ ዘንድ፣ ከዋናው ሕክምና ጎን እንጂ በምትኩ መሆን የለበትም። እኔ የጀመርኩት ሕክምና እየረዳኝ ስለነበር በእሱ ቀጠልኩ። ልጄ ሦስት ወር ሲሞላው ሳቀልኝ፤ እኔም ከልቤ ሳቅሁለት።

ጊዜ የማይሰጥ ነገርም አለ። አራሷ ጨርሶ እንቅልፍ ካጣች፣ የሌለ ድምፅ ከሰማች፣ ንግግሯ ከተዘበራረቀ ወይም ራሷን ወይም ልጁን ስለመጉዳት ካወራች በዚያው ቀን ሆስፒታል ትሂድ፤ እስከዚያው ብቻዋን አትተዋት። አማኑኤል ሆስፒታል አለ፤ ለእኛ ለየካዎች ደግሞ ኤካ ኮተቤ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ይሰጣል።

እናቶች፣ አባቶች፣ አያቶች ሆይ! የአራስ ቤት ወጋችን ትልቅ ሀብት ነው፤ አራስን ብቻዋን አይተዋትም። ክርስትናው ለወንድ በ40፣ ለሴት በ80 ቀን ካለፈ በኋላ ግን ጠያቂው ያልቃል፣ ቤቱም ጭር ይላል። ድብርቱ ደግሞ እስከ ዓመት ድረስ ሊመጣ ይችላል። ያኔ ጎራ በሉ። ልጁን ተቀብላችሁ ሁለት ሰዓት ታስተኟት፤ ስትነቃም «አንቺስ እንዴት ነሽ?» በሏትና መልሷን ቁጭ ብላችሁ ስሟት።