ለሹፌሮቻችን ማን ይሟገትላቸው?

ከጅቡቲ ከተማ ተነስቶ በፒኬ 12 በኩል ወደ ድንበሩ ወደ ጋላፊ የተጓዘ ሰው ግራንድ ባራን አይረሳውም። ዛፍ የለው፣ ጉብታ የለው፤ ዓይን እስኪደክም የተዘረጋ ደረቅ የሸክላ ሜዳ ነው። በየዓመቱ የ15 ኪሎ ሜትር የእግር ሩጫ ይካሄድበታል፤ ሸራ የተወጠረላቸው ባለ ጎማ ጋሪዎችም በነፋስ ይከንፉበታል። በዚያው ሜዳ በኩል የእኛ ከባድ መኪናዎች ተሳቢያቸውን እየጎተቱ ያልፋሉ።

ሜዳውን ባየሁ ቁጥር ባሕሬን ትታወሰኛለች። እሷም እንደ ጅቡቲ ትንሽ፣ ሞቃት፣ ባሕር ዳር ያለች አገር ናት። እ.ኤ.አ. በ2004 ሳኪር በረሃ ላይ የመኪና ውድድር ማዕከል ከፈተች። በአንድ ግቢ 5.4 ኪሎ ሜትር ዋና ትራክ፣ 3.5 ኪሎ ሜትር የውጪ ትራክ፣ አጫጭር የውስጥ ትራኮችና የቀጥታ መሮጫም አለ። አሸዋው አስፋልቱን እንዳያለብስ ዳር ዳሩን የሚያጣብቅ ፈሳሽ ተረጭቶበታል።

በ2020 መጨረሻ ፈረንሳዊው የመኪና ተወዳዳሪ ሮማን ግሮዣን እዚያ በመጀመሪያው ዙር በሰዓት 192 ኪሎ ሜትር እየበረረ የብረት አጥር መታ። መኪናው ለሁለት ተቆርጦ በእሳት ተያያዘ። ግሮዣን ግማሽ ደቂቃ ያህል ነበልባል ውስጥ ቆይቶ በራሱ ወጣ። እጆቹ ተቃጠሉ፤ ነፍሱ ግን ተረፈች። ከአናቱ በላይ ያለው የቲታኒየም ቅስት ጭንቅላቱን ጠብቆለታል። የሐኪሞቹ መኪናም በመጀመሪያው ዙር ተወዳዳሪዎቹን ስለሚከተል ወዲያው ደረሰ።

ይህ ጥንቃቄ በትግል የመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1966 የመኪና ተወዳዳሪው ጃኪ ስቲዋርት ቤልጅየም ውስጥ ስፓ ላይ ሲጋጭ፣ ነዳጅ እየፈሰሰበት 25 ደቂቃ ያህል መኪናው ውስጥ ተጣብቆ ቀረ። ባልንጀሮቹ ያወጡት ከተመልካች በተዋሱት መፍቻ ነበር። ከዚያ በኋላ አጥርና ሐኪም እንዲኖር ለዓመታት ተሟገተ፤ ብዙዎች ቢያማርሩበትም አልተወም።

የእኛ ሹፌሮችስ? ከኢትዮጵያ የወጪና ገቢ ንግድ ከ90 በመቶ በላይ የሚያልፈው በጅቡቲ ነው። ብዙውን የሚሸከመው ደግሞ በሙቀት የተቃጠለ፣ እንቅልፍ ያጣ ሹፌር ነው። በዚያ በረሃ አደጋ ሲያገኘው ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚደርስለት ከኋላው የሚመጣ ሌላ ሹፌር ነው።

ደቡብ አፍሪካ ያለው ኪያላሚ ከውድድር ትራኩ ሌላ መኪና ሲንሸራተት መቆጣጠር የሚለማመዱበት ሜዳም አለው። እኛም ለከባድ መኪና እንዲህ ያለ ዝግ መለማመጃ ያስፈልገናል። ጭነት ይዞ ፍሬን ሲያዝ፣ ጎማ ሲፈነዳ፣ አሸዋ አስፋልቱን ሲሸፍን ምን እንደሚደረግ ሹፌሩና ረዳቱ ሳይሞቱ ይማሩበታል። በመንገዱም ላይ አምቡላንስና ብረት መቁረጫ የያዙ ቡድኖች ይመደቡ። ሁለቱ መንግሥታት፣ የትራንስፖርት ማኅበራትና ባለንብረቶች ተባብረው ሊያደርጉት ይገባል፤ በዚህ መንገድ ሁሉም ይጠቀማሉና።

እኛም የድርሻችንን እንወጣ። መንገድ ላይ ያለ ሹፌር ጋ ደውላችሁ «የት ደረስክ?» እያላችሁ አታጣድፉት። «ደክሞህ ከሆነ ቁምና ተኛ» በሉት።