ስለ ዘርፍና ስለ ቋጠሮ

አዘዞ ከጎንደር ከተማ ወደ ደቡብ 12 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ፥ የመተማው መንገድ ከባሕር ዳሩ መንገድ የሚለይባት ስፍራ ናት። እኔም በዚህች ስፍራ 30 ዓመት ያህል የነጠላና የጋቢ ንግድ ስነግድ ኖሬ፥ አሁን ሱቄን ለሌላ ሰው አስረክቤ በቤቴ ተቀምጫለሁ። ዛሬ የምጽፈው ለልጅ ልጄ ክፍል ግድግዳ ከሲባጎ ስለ ቋጠርሁት ስለ አንድ ዋልያ ነው። አንባቢ «ሽማግሌ ሰው ከገመድ እንስሳ ጋር ምን አገናኘው?» ቢል አልቀየመውም፤ እኔም በመጀመሪያው ሳምንት ራሴን የጠየቅሁት ይህንኑ ነበርና።

ነገሩ የተጀመረው እንዲህ ነው። ልጄ የመጀመሪያ ልጅዋን ለመውለድ እንደ አገራችን ልማድ ወደ እናትዋ ቤት መጣች። እናትዋም የእህል ጎታ የነበረበትን ትንሽ ክፍል አስጠርጋ፥ ግድግዳውን በኖራ አስቀብታ፥ የሕፃን አልጋ አስገባችበት። ልጄ ነጩን ግድግዳ ትክ ብላ አየችና ከስልክዋ ላይ አንድ ሥዕል አሳየችኝ። በውጭ አገር ለሕፃናት ክፍል ከጥጥ ገመድ እየተቋጠረ የሚሰቀል የአንበሳና የቀበሮ ምስል ነው። ዋጋውንም ወደ ብር መንዝራ ነገረችኝ። ዋጋውን ስሰማ የዱሮው የነጋዴ ጠባዬ ተነሣብኝና «ይህ ሁሉ ገንዘብ ለሲባጎ? እኔ በሁለት ቀን ሠርቼ እሰቅልልሻለሁ» አልኋት። ልጄ ሳቀች። ሳቅዋ ከነከነኝ፤ ነገሩም በዚያው ስለት ሆኖ ቀረ።

እንስሳውን ለመምረጥ አልተቸገርሁም። አንበሳ በየሳንቲሙ ላይ አለ። ዋልያ ግን ከእኛው ከሰሜን ተራሮች በቀር በዱር የሚኖርበት ሌላ ምድር የለውም። ያ ተራራ እ.ኤ.አ. በ1969 ብሔራዊ ፓርክ ሆኖ ታወጀ፤ በ1978ም ከዓለም ቅርስ መዝገብ ከገቡት ከመጀመሪያዎቹ 12 ስፍራዎች አንዱ ሆነ። የዋልያው ቁጥር እጅግ ስለ ተመናመነ በ1996 አደጋ ላይ ካሉት ቅርሶች ጋራ ተጽፎ፥ ከዚያ መዝገብ የወጣው በ2017 ነው። እዚሁ አጠገባችን ተወልዳ የምታድግ ልጅ የሩቅ አገር ቀበሮ እያየች ከምትነቃ፥ የጎረቤትዋን እንስሳ ብታውቅ ይሻላል አልሁ። ደግሞም ወንዱ ዋልያ ወደ ኋላ የተቆለመመ ረጅም ቀንድ አለው፤ ቀንዱም እርከን እርከን ያለው ስለ ሆነ የተቋጠረ ገመድ ይመስላል፤ ጢሙም ያው ዘርፍ ነው። ለገመድ ሥራ የተፈጠረ እንስሳ መሰለኝ።

ከጎንደር ቅዳሜ ገበያ መጀመሪያ የገዛሁት ቃጫ ነበር፤ ርካሽ ነውና። ባለቤቴ በእጅዋ ዳሰስ አድርጋ «ይህ ለአህያ ጭነት ነው፤ እየተበጠሰ በሕፃኗ ዐይን ሊገባ ነው?» ብላ ወዲያ ወረወረችው። ስለዚህ ሁለተኛ ሄጄ ለስላሳ የጥጥ ሲባጎ ገዛሁ። ቁጠባዬ እዚህ ላይ መክሰሩን አንባቢ ልብ ይበልልኝ፤ ወደ ኋላ እመለስበታለሁና።

ሥራው ሲታይ ቀላል ነው። አንድ የወይራ ዘንግ በአግድም ይታሰራል። እያንዳንዱ ገመድ ለሁለት ታጥፎ በዘንጉ ላይ ይጣልና ሁለቱ ጫፎች በገዛ ቀለበቱ ውስጥ ሾልከው ይጠብቃሉ። ከዚያ አራት አራቱ ገመድ አንድ ቡድን ይሆናል። መካከለኞቹ ሁለቱ ዝም ብለው ይቆማሉ፤ ዳርና ዳር ያሉት ሁለቱ ይሠራሉ። የግራው በመካከለኞቹ ላይ ያልፋል፤ የቀኙ ከሥር ዞሮ በግራው ዐይን ይወጣል፤ ይጠብቃል። ቀጥሎ ያው ነገር ከቀኝ ተጀምሮ ይደገማል። ሁለቱ ሲገናኙ አንድ ጠፍጣፋ ቋጠሮ ይሆናሉ። ሁለተኛውን የረሳና ሁልጊዜ ከግራ ብቻ የጀመረ ሰው ግን፥ ሥራው እየተጠማዘዘ እንደ ዐረግ ይዞርበታል። እኔ ይህን ስሕተት አንድ ቀን ሙሉ ስሠራ ውዬ፥ ማታ ሳየው ለቀንድ የሚሆነው እርሱ ሆኖ አገኘሁት።

ሁለቱ ቀን አለፈ፤ ሁለቱ ሳምንትም አለፈ። ልጅቱም ተወለደች፤ የዋልያው አንገት ግን አልወጣም። ገመዱ አለቀብኝ። አንገቱ ላይ ስደርስ በእጄ የቀረው አንዳንዱ አንድ ጣት፥ አንዳንዱ ሁለት ጣት ነው፤ አልቀጥለው ነገር ቅጥሉ ያስጠላል፤ አልቋጥረው ነገር ጣቴ የሚይዘው የለም።

በዚህ ጊዜ ነው አራስ ለመጠየቅ ከመጡት ጎረቤቶች አንዲቱ በበሩ ብቅ ያለችው። ይህች ሴት ባልዋ የሞተባት፥ ዘርፍ እየቋጨች ልጆችዋን ያሳደገች ናት። በዱሮ ጊዜ ለእኔም ሱቅ ትቋጭ ነበር። ከሱቄ ከተለየች ብዙ ዓመት ሆኗታል፤ ሰላምታዋን ግን አላጓደለችብኝም። ከጓዳ ገንፎዋን ቀምሳ ስትወጣ በወለሉ ላይ ተቀምጬ ከሲባጎው ጋራ ስታገል አየችኝና ቆመች።

«ጋሼ፥ ይህ እኮ ዘርፍ ነው፤» አለችኝ።

«ዘርፍ አይደለም እታለም፤ የፈረንጅ ሥራ ነው፤» አልሁ።

«ዘርፍ ነው፤» አለች፤ ተቀመጠችም።

በኋላ ልጄ አንብባ እንደ ነገረችኝ ከሆነ እውነቱ የእርስዋ ነው። ፈረንጆች ይህን ሥራ ማክራሜ ይሉታል፤ ቃሉም ከዐረብ የመጣ ነው ይባላል፤ የዐረብ ሸማኔዎች የሸማቸውን ጫፍ እንዳይተረተር ሲቋጥሩት ጌጥ እየሆነ ሄዶ፥ በእስፓኝና በኢጣልያ በኩል ወደ ሌላው ዓለም ደረሰ። እኛ አገር ያ ሥራ ምንጊዜም ከሸማው ጫፍ ወርዶ ግድግዳ ላይ አልወጣም፤ ስለዚህም ጥበብ ነው ያለው ሰው የለም።

ዘርፍ ሲቋጭ የሚደረገው ይህ ነው። ሸማኔው ሥራውን ጨርሶ ሸማውን ሲያወርድ ያልተሸመነ ድር በጫፉ ላይ ይንጠለጠላል። ቋጪዋ ከዚህ ድር ጥቂት ጥቂቱን ለይታ በሁለት ትከፍላለች፤ ሁለቱን ለየብቻ ወደ አንድ ወገን ታከርራቸዋለች፤ ከዚያ አጋጥማ ስትለቃቸው አንዱ በሌላው ላይ ወደ ተቃራኒው ወገን ይጠመጠማል። እያንዳንዱ ልፈታ ሲል ሌላውን ያጠብቀዋል፤ ዘርፉን የሚያጸናው ይህ ትግል ነው። ጫፉንም ትቋጥረዋለች። ነገር ጨረሰ ለማለት «ቋጨ» የምንለው ከዚህ ሥራ ወስደን ነው። በዚያ ሌሊት ኩታዬን አውርጄ በፋኖስ ብቆጥር፥ በአንዱ ጫፍ ብቻ 112 ዘርፍ አገኘሁበት። ሠላሳ ዓመት ስሸጥ አንድ ቀን ቆጥሬ አላውቅም ነበር።

ወደ ተቀመጠችው ሴት ልመለስ። ገመዱን አነሣች፤ ጫፍ ጫፉን አየችና «ስንት ክንድ አድርገው ቆረጡት?» አለችኝ።

«ሦስት ሦስት ክንድ።»

«አንድ ክንድ ለሚሆን ሥራ አጥፈው ሲጥሉት ስምንት ክንድ ይፈልጋል። ቋጠሮ ገመድ ይበላል። ስለምን አሳጠሩት?»

«እንዳይባክን ብዬ፤» አልሁ።

ምንም አልመለሰችም። እኔም ቃሉ ከአፌ ከወጣ በኋላ ዝም አልሁ፤ ይህን ቃል በሌላ ጊዜ፥ በሌላ ነገር ላይ መናገሬ ትዝ ብሎኛልና።

ከ20 ዓመት በፊት ግድም ነው። የክር ዋጋ ስለ ተወደደ፥ ለሸማኔዬ በየጋቢው ጫፍ ከሚተወው ድር አራት ጣት እንዲቀንስ አዘዝሁት። «እንዳይባክን» ብዬ። በዚያው ሰሞን ለዚህች ሴት ስድስት ጋቢ እንድትቋጭ ሰጠኋት። ከገዢዎቹ አንዱ፥ ገና በመጀመሪያው እጥበት ዘርፉ ተፈታ ብሎ ጋቢውን መልሶ ጣለብኝ። እኔም ተቈጥቼ የስድስቱንም ዋጋ 12 ብር ከለከልኋት። «ጋሼ፥ ዘርፉ አጭር ነው፤ ቋጠሮ የሚይዝበት አጣ፤» ብላ ነበር። እኔ ግን በሱቁ ውስጥ የነበሩት ሰዎች እየሰሙ «ሰነፍ ቋጪ ዘርፍ አጠረኝ ትላለች» አልሁ። ሰዎቹ ሳቁ። ነገሩ ስላማረልኝ በሌላም ቀን ለሌሎች ሴቶች ደጋገምሁት፤ የሱቁ ተረት ሆነ። እርስዋም ሁለተኛ አልመጣችም።

እንግዲህ ለ20 ዓመት ያልገባኝን ነገር፥ በሁለት ጣት ገመድ ላይ ቋጠሮ ልቋጥር ስታገል ጣቴ አስረዳኝ። ያጠረው ዘርፍ በእኔ ትእዛዝ ያጠረ ነበር።

በቋንቋችን ዛፉ ፍሬ ይቋጥራል፤ መንገደኛው ስንቅ ይቋጥራል፤ ዐይን ዕንባ ይቋጥራል፤ ሰውም ቂም ይቋጥራል። እኔ ይህች ሴት ቂም ቋጥራብኛለች እያልሁ በመንገድ ሳገኛት ፊቴን ቋጥሬ ማለፍ ልማዴ ነበር። እርስዋ ግን ያን ቀን ከአጠገቤ ተቀምጣ ያጠረውን ገመድ አንድ በአንድ ፈታች፤ አዲሱንም በክንድዋ እየለካች ስምንት ስምንት አድርጋ ቆረጠችልኝ። በማግስቱም መጣች። «ዛሬስ የኔታ ልበልሽ» ብላት «እጅዎን አያድርቁ፤ ላላ ያድርጉት» ከማለት በቀር ሌላ አልተናገረችም። የድሮውን ነገር ለማንሣት አፌን ስንት ጊዜ ከፍቼ ስንት ጊዜ እንደ ገጠምሁት እኔ ነኝ የማውቀው። ሽማግሌ ሰው ጥፋቱን ለመናገር ከወጣት ይልቅ ይከብደዋል፤ የለመደውን አክብሮት የሚያጣ ይመስለዋልና።

ሕፃኗን ሊያይ የመጣው የጤና ባለሙያ ሥራውን አይቶ፥ ገመድ ያለበት ነገር በሕፃን አልጋ ላይ ወይም እጅዋ በሚደርስበት እንዳይሰቀል፥ አንገትዋ ላይ ሊጠመጠም እንደሚችል አስጠነቀቀን። ስለዚህ ከአልጋው ፊት ለፊት ባለው ግድግዳ ከፍ ብሎ እንዲሰቀል ቆረጥን። ለቀንዶቹ በመካከል ሽቦ ከተትሁበት፤ ጫፉንም አጥፌ በቋጠሮ ሸፈንሁት። በአንዱ ቀንድ ብቻ 96 ቋጠሮ አለ። ግራ ጆሮው ከቀኙ ይበልጣል፤ እርሱን ትቼዋለሁ።

ክርስትናዋ በ80ኛው ቀን ነው። ሦስት ቀን ሲቀረው 2000 ብር በወረቀት ጠቅልዬ ወደ ጎረቤቴ ቤት ሄድሁ። ደጃፍዋ ላይ ተቀምጣ የሰው ነጠላ ትቋጭ ነበር።

«ይህ ምንድር ነው ጋሼ?»

«የዚያ የስድስቱ ጋቢ ነው። ዘርፉን ያሳጠርሁት እኔ ነበርሁ። ሸማኔውን ያዘዝሁት እኔ ነኝ።»

ወረቀቱን ፈታ አየችና «ያ 12 ብር ነበር፤» አለች።

«የዛሬ 12 ብር የያኔው አይደለም። የቀረው ደግሞ በሰው ፊት ስለ ተናገርሁት ቀልድ ነው።»

«ቀልዱን አልሸጥሁልዎትም፤» አለችኝ። በቁጣ አልነበረም፤ የዕቃ ዋጋ እንደሚናገር ሰው ነበር። «የኔን 12 ብር ይስጡኝ።»

በኪሴ ዝርዝር ስላልነበረ ወደ መንገዱ ዳር ሱቅ ሄጄ አስመንዝሬ ተመለስሁ፤ አንድ የ10 ብር ኖትና ሁለት የብር ሳንቲም ሰጠኋት። በመቀነትዋ ጫፍ ቋጥራ አሰረችው። ከዚያ የያዘችውን ነጠላ አጥፋ አስቀመጠችና «ዋልያውስ አለቀ?» ብላ ተከትላኝ መጣች።

ገና ሳይሰቀል በወለሉ ላይ ተዘርግቶ ነበር። ጢሙን አየች፤ ደኅና ነው አለች። ጆሮውን አየች፤ ዝም አለች። ቀንዱ ላይ ስትደርስ ቆመች።

«ዋልያ አይቼ አላውቅም። በግ ግን አውቃለሁ። የበግ ሁለቱም ቀንድ ወደ አንድ ወገን አይዞርም። ሁለቱንም ከግራ ጀምረዋቸዋል።»

አየሁት፤ እውነትዋን ነው።

«ሦስት ቀን ብቻ ቀረን እኮ፤» አልሁ።

«እንግዲያውስ አሁን ይፍቱት፤» አለችና ተቀመጠች። ጫፉን ወጥራ ያዘችልኝ፤ እኔም የቀኙን ቀንድ ከ96ኛው ቋጠሮ መፍታት ጀመርሁ።