ዳናህን እይ

ጎልፍ የሚጀምር ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጨነቀው ስለ እጁ ነው። ዱላውን እንዴት ልያዘው፣ ክንዴን ልዘርጋው ወይስ ልጠፈው፣ ምን ያህል ጉልበት ልጨምርበት ይላል። ስለ እግሩ የሚጠይቅ ብርቅ ነው። እኔ ግን ካርቱም በኖርኩበት ዘመን ካየሁት ተነስቼ የምለው አለኝ። ኳሷ ወዴት እንደምትሄድ በአብዛኛው የሚወሰነው ዱላው ከመነሳቱ በፊት ነው። እግር የት አረፈ? ኳሷስ ከግራ ተረከዝ ምን ያህል ርቃ ተቀመጠች? የቀረው ሁሉ ከዚህ በኋላ የሚመጣ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ጎልፍ የጀመሩ ወጣቶች በየጊዜው ስለሚጠይቁኝ ዛሬ ረዘም አድርጌ ልጻፈው።

ካርቱም ውስጥ ጎልፍ ነበር ስል ብዙ ሰው ይገርመዋል። ጨዋታውን ያመጡት እንግሊዞች ናቸው፤ ሣር ማብቀል በሚከብድበት አገር በአሸዋ ላይ ተጫወቱት። በቅርቡ ዘመን በሶባ በኩል ፌንቲ የሚባለው የሣር ሜዳ ተሠርቶ ነበር፤ እኔ ያየሁት ልምምድ ግን በአሸዋ ላይ ነው። በአሸዋ ሜዳ አረንጓዴ ነገር አይፈለግም። ጉድጓዱ ዙሪያ ያለው አሸዋ ዘይት ተቀላቅሎበት ይዳመጥና ጠንካራ ቡናማ መደብ ይሆናል፤ ግሪን መባሉ ቀርቶ ብራውን ይባላል። ተጫዋቹ ደግሞ ከዱላዎቹ ጋር ቁራጭ ሰው ሠራሽ ሣር ይዞ ይዞራል። ኳሷ ካረፈችበት ቦታ ቁራጯን ያነጥፋል፣ ኳሷን ላይዋ ያስቀምጣል፣ ይመታል፣ ቁራጯን አንስቶ ይቀጥላል።

አርብ ጠዋት፣ ፀሐይዋ ሳትበረታ፣ ልምምድ የሚያሳዩን አንድ አዛውንት ሱዳናዊ ካዲ (የተጫዋቾችን ዱላ የሚሸከሙ) ነበሩ። እዚያ አገር ታላቅን ሰው አጎት ብሎ መጥራት ወግ ስለሆነ ሁላችንም ዓሚ እንላቸው ነበር። ዓሚ ከሌሎች አሠልጣኞች የሚለዩበት አንድ ነገር አላቸው፤ የተመታችውን ኳስ በዓይናቸው አይከተሉም። ሰው ሁሉ አንገቱን አቅንቶ ወደ ሰማይ ሲያይ እሳቸው መሬት መሬቱን ያያሉ። «ኳሷን ተዋት፣ ሄዳለች። ሳታበላሸው ውጣና ዳናህን እይ» ይላሉ።

አሸዋ ዳና ይይዛል። ሣር ላይ የቆመ ሰው እግሩን ሲያነሳ ምስክሩ አብሮት ይጠፋል። አሸዋ ላይ ግን አቋቋሙ እንዳለ ይቀራል፤ ሁለቱ ተረከዞች፣ ሁለቱ የጣት ጫፎች፣ በመካከላቸው ያለው ስፋት፣ ኳሷ የነበረችበት ምንጣፍ ሳይቀር። አንድ ወዳጃችን ኳሱ ሁልጊዜ ወደ ቀኝ እየተጣመመች ተቸግሮ ነበር። በእጁ ላይ ያልሞከረው ነገር የለም። ዓሚ አንድ ጠዋት ከቆመበት አስወጡትና ዱላ አንስተው በሁለቱ የጣት ምልክቶች ጫፍ ላይ አጋደሙት። ዱላው ያመለከተው ከዒላማው በጣም ወደ ግራ ነበር። ከዚያ ጎንበስ ብለው ከግራ ተረከዙ ምልክት እስከ ኳሷ በጋት ለኩ። ኳሷ ከተረከዙ አልፋ ወደ ፊት፣ በትንሿ ጣቱ ትክክል ተቀምጣ ነበር። የቀኝ እግሩ ምልክት ደግሞ ከጣቱ በኩል ጠልቆ ተረከዙ አካባቢ ላዩን ብቻ ተነክቷል፤ ሰውየው ወደ ኳሷ ተንጠራርቶ ይመታ እንደነበር ከዚህ በላይ የሚያስረዳ የለም። ስለ እጁ አንድ ቃል ሳይናገሩ ኳሷን ወደ ተረከዙ ውስጠኛ ጎን መለሱለት፣ ጣቶቹን አስተካከሉለት። ኳሷ ቀጥ አለች።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። (በቀኝ ስለሚመታ ሰው ነው የምናገረው፤ ግራኝ የሆነ ይገልብጠው።) ዱላው የሚጓዘው በክብ መንገድ ነው። ከላይ ይወርዳል፣ አንድ ቦታ ላይ ዝቅተኛ ነጥቡን ይነካል፣ ከዚያ ይነሳል። ያ ነጥብ በደንብ ለሚመታ ሰው በግራ ብብቱ ትክክል አካባቢ ነው። አጫጭሮቹን ዱላዎች፣ ዌጅና አይረን፣ ስንይዝ ዱላው ገና እየወረደ ኳሷን መጀመሪያ፣ መሬቱን ቀጥሎ እንዲያገኝ እንፈልጋለን፤ ስለዚህ ኳሷ ከዚያ ነጥብ ትንሽ ወደ ኋላ፣ ለዌጅ በእግሮቻችን መሃል አካባቢ ትቀመጣለች። ረጅሙ ዱላ፣ ድራይቨር፣ ሲሆን ኳሷ በቲ (መሬት ላይ በሚተከለው ትንሽ ማስቀመጫ) ላይ ከፍ ብላለች፤ ዱላው መነሳት ሲጀምር እንዲያገኛት ወደ ግራ ተረከዝ ውስጠኛ ጎን ትጠጋለች፣ እግሮችም ሰፋ ይላሉ። ኳሷ ከሚገባው በላይ ወደ ኋላ ከቀረች ዱላው ገና ወደ ውጭ እየሄደ ያገኛትና ዝቅ ብላ ወደ ቀኝ ትገፋለች። ከሚገባው በላይ ወደ ፊት ከሄደች ደግሞ ቀኝ ትከሻ ሊደርስባት ይወጣል፣ ደረት ወደ ግራ ይከፈታል፣ ዱላው ኳሷን ከውጭ ወደ ውስጥ ይቆርጣታል። የወዳጃችን ችግር ይህ ነበር። ትከሻው የተከፈተው በኳሷ ምክንያት ነው፣ እጁ ምንም አላጠፋም።

ዓይን እዚህ ላይ ይሳሳታል። ብዙ ሰው የግራ እግሩን ጫፍ ወደ ዒላማው ዞር ያደርጋል፤ ጥሩ ነው፣ ዳሌው ሲዞር ጉልበቱን ያሳርፍለታል። ነገር ግን ጣቱ ወደ ፊት ስለሄደ ከላይ ሆኖ ሲያይ ኳሷ ወደ ኋላ የቀረች ይመስለዋል፤ ሳያውቀው ወደ ፊት ይገፋታል። ለዚህ ነው ልኬቱ ሁልጊዜ ከተረከዝ መሆን ያለበት። ተረከዝ ቦታውን አይለቅም።

አሸዋው ሌላም ያስተምራል። ምንጣፏ ጠፍጣፋ ሆና ላዩ ላይ ትቀመጣለች፣ የእኛ እግር ግን ሲደላደል ይሰምጣል። ሁለት ጣት ያህል ብንሰምጥ ኳሷ ያን ያህል ከእግራችን ከፍ አለች ማለት ነው፤ ከእግር ከፍ ያለች ኳስ ደግሞ ወደ ግራ ታደላለች። ዓሚ ለዚህ መድኃኒቱን የሚሰጡት በአንድ እንቅስቃሴ ነበር፦ እግርህ በሰመጠው ልክ ዱላውን ወደ ታች ጨብጥ። የሣር ሜዳ ላይ አሸዋማው ባንከር ውስጥ የሚገባ ሰውም ይህን ሊያውቀው ይገባል። ሕጉ እግርን በአሸዋ ውስጥ በልክ ማደላደል ይፈቅዳል፤ አሸዋውን በዱላ መፈተንን ነው የሚከለክለው። እንዲሁም እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ በጨዋታ ላይ አቋቋምን ለማስተካከል ዱላ መሬት ላይ ማጋደም ያስቀጣል። ስለዚህ የዓሚ ዱላ ማጋደም ለልምምድ ነው፤ ውድድር ላይ ሰው ያንን በሰውነቱ ተሸክሞት መግባት አለበት።

ስለ ኳሷ ቦታ በጎልፍ ታላላቆች ዘንድ የቆየ ክርክር አለ። ቤን ሆጋን ኳሷ ለሁሉም ዱላ ከግራ ተረከዝ አንጻር አንድ ቦታ ትሁን፣ የሚንቀሳቀሰው ቀኝ እግር ይሁን ባይ ነው። ጃክ ኒክላውስም በዚሁ መንገድ ሄዷል። ሌሎች ደግሞ ኳሷን ራሷን በየዱላው ያንቀሳቅሳሉ። እኔ ለጀማሪ የሆጋንን እመርጣለሁ፤ የሚለዋወጠው ነገር አንድ ብቻ ሲሆን ስህተቱም በቀላሉ ይታያል። ሆጋን ስለ እግር ሲናገር መስማት ያለብን በሌላም ምክንያት ነው። እ.ኤ.አ. በ1949 መኪናው ከአውቶቡስ ጋር ተጋጭቶ እንደገና መራመዱ እንኳ አጠራጥሮ ነበር፤ በ1950 የአሜሪካን ኦፕን አሸነፈ። ትምህርቱን ያሳተመው በ1957 ነው።

1957 ለእኛም ለካርቱምም የተለየ ዓመት ነው። በየካቲት የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ካርቱም ላይ ተመሠረተ፤ ከመሥራቾቹ አንዱ የእኛው ይድነቃቸው ተሰማ ናቸው። የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫም እዚያው ተካሄደ። ደቡብ አፍሪካ ነጭና ጥቁር የተቀላቀለበት ቡድን አልልክም ብላ ስለቀረች ኢትዮጵያ ያለ ጨዋታ ለፍጻሜ ደርሳ በግብጽ 4 ለ 0 ተሸነፈች፤ አራቱንም ያገባው አድ ዲባ ነበር። ይህን የማነሳው ያው ዘረኝነት ጎልፍ ሜዳም ላይ ስለነበረ ነው። ደርባን ውስጥ ካዲ ሆኖ ያደገው ፓፕዋ ሰውጎለም መጽሐፍ ሳይሆን ዓይኑ ያስተማረው ሰው ነው። እጆቹን ገልብጦ ይይዝ ነበር፤ የትኛውም አሠልጣኝ ቢያየው ያርመው ነበር። ይሁንና የሆላንድን ኦፕን በ1959፣ በ1960 እና በ1964 አሸንፏል። በ1963 የናታልን ኦፕን ሲያሸንፍ ወደ ክለቡ ቤት መግባት ተከልክሎ ዋንጫውን የተቀበለው ውጭ፣ ዝናብ ላይ ቆሞ ነው። እሱን ሳስብ የእጅ አያያዝ መንገዱ አንድ ብቻ ነው የሚለኝን ሰው ለማመን ይከብደኛል።

የሐበሻ ልጆች ጎልፍ ሲጀምሩ ለምን እግራቸው እንደሚያስቸግራቸው አስቤበታለሁ። በገና ጨዋታ ጥንጓ እየተንከባለለች፣ ልጁም እየሮጠ ነው የሚመታት፤ ሰውነቱ በሩጫው ውስጥ ራሱን ያስተካክላል። እግር ኳስም እንዲሁ ነው። ጎልፍ ላይ ኳሷ ቆማለች፣ ሰውየውም ቆሟል፤ የሚያስተካክለው ሩጫ የለም። ስለዚህ ጎበዝ እግር ኳስ ተጫዋች የነበረ ሰው እንኳ ያለ ሐሳብ ይቆምና ከዚያ በእጁ ሊያርመው ይታገላል። አቋቋምን በሥርዓት መማር ያለብን ለዚህ ነው።

ኦልድ ኤርፖርት ባለው የአዲስ አበባ ጎልፍ ክለብ የምትለማመዱ ሣሩ ዳናችሁን አይይዝላችሁም። ልምምድ ላይ ከመምታታችሁ በፊት አንድ ዱላ በጣቶቻችሁ ፊት፣ ሌላ ከግራ ተረከዛችሁ ተነስቶ ወደ ኳሷ አጋድሙ። ኳሷ ከተመታች በኋላ ሳትነቃነቁ ጓደኛችሁ ከፊት ለፊት ፎቶ ያንሳችሁ። በየሳምንቱ ያለውን ፎቶ ጎን ለጎን አስቀምጡት። አቋቋም ቀስ በቀስ ነው የሚሸራተተው፤ ሰው በራሱ አይታወቀውም።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ካርቱም ላይ ጦርነቱ ሲፈነዳ ብዙዎቻችን በጋላባትና በመተማ በኩል ወጣን። ዓሚ እዚያው ቀሩ። ስልካቸው አይሠራም፣ የሚያውቋቸው ካዲዎችም ተበትነዋል። ካርቱም ጎልፍ ሜዳ ላይ የሠራችሁ፣ ወይም አሁን ካይሮ፣ ፖርት ሱዳን፣ ጁባ ሆናችሁ ከካዲዎቹ አንዱን የምታውቁ ካላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ከስማቸው ይልቅ አንድ ምልክት ልንገራችሁ፤ ኳሷ ስትመታ ወደ ላይ የማያዩት እሳቸው ናቸው።