ዘረፋና ዘረፋ

በቢቸና አቅራቢያ ባለው በዲማ ጊዮርጊስም ሆነ በሌላው የጎጃም ቅኔ ቤት፣ ተማሪ ቅኔ «ዘረፈ» ሲባል ምስጋና ነው፤ አዲስ ቅኔ ከራሱ አፍልቆ ተቀኘ ማለት ነውና። የሰው ቅኔ የራሱ አስመስሎ ያቀረበ ግን ያፍራል።

የኢንተርኔቱ ዘረፋ ሌላ ነው። በ2000 ዓ.ም. ገደማ ጓደኛዬ ሞጣ፣ እኔ ቢቸና ሆነን የቡድን ሥራችንን በኢሜይል ስንለዋወጥ መጀመሪያ ያስቸገረን ፊደሉ ነበር። እሱ የጻፈው እኔ ጋ ሲከፈት የማይነበብ ምልክት ይሆናል። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ቢገባም ብዙ ሶፍትዌሮች ገና በየራሳቸው ኮድ ይሠሩ ነበር።

በዚህ ሁሉ ድካም የጨረስነውን ሥራ ሌላ ተማሪ ስም ብቻ ቀይሮ አስረከበው። «ሐሳብ እኮ ባለቤት የለውም» አለን። ግማሹ እውነት ነው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሐሳብን ብቻውን አይጠብቅም፤ ሐሳቡ የተገለጸበትን ጽሑፍ ግን ይጠብቃል። በጋራ የተሠራም የአመንጪዎቹ የጋራ ነው። ለኛ የመሰከረልን ግን ኢሜይሉ ነው፤ እያንዳንዱ ረቂቅ የተላከበት ቀንና ሰዓት ነበረው። መምህራችን ያንን አይተው ፈረዱልን።

ስለዚህ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ሥራው ቢያልቅም ረቂቁን አትደምስሱት። ምስክር ነው።