ከላቪንግተን ሰገነት የታየው ተራራ

ናይሮቢ በሰነበትንባቸው ቀናት ያረፍነው ላቪንግተን በተባለው፣ ዛፍ በበዛበት የምዕራብ ሰፈር ነበር። በዚያው ግቢ የሚኖሩ አንዲት የደባርቅ ተወላጅ እናት፣ «ልጆቼ፣ የኬንያን ተራራ ለማየት ደመናው ሳይቀድማችሁ ተነሡ» አሉን። ወታደር ማልዶ መነሣት አይገደውምና ጎሕ ሲቀድ ልብስ ከሚሰጣበት ሰገነት ላይ ተገኘን።

ተራራው በሰሜን በኩል፣ ከ140 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት፣ ጥርስ መስሎ ቆሟል። «ጥንት ነጩ ሰፋ ብሎ ይታየኝ ነበር፤ ዛሬ ዛሬ ዓይኔ ደክሞ ይሆን እላለሁ» አሉ እናታችን።

ትልቁ ጫፍ ባቲያን 5,199 ሜትር ሲሆን ራስ ዳሽንን ከ600 ሜትር በላይ ይበልጣል። ጎረቤቱ ኔሊዮን 5,188 ሜትር ነው። በሁለቱ መካከል «የጭጋግ በር» የተባለ ጠባብ መተላለፊያ አለ፤ ከግራና ከቀኝ ሉዊስና ቲንዳል የተባሉ የበረዶ ግግሮች ይገኛሉ። ከምድር ወገብ አጠገብ በረዶ! ኪኩዩዎች ተራራውን ኪሪንያጋ ብለው ሲጠሩት፣ አባቶቻቸው ፊታቸውን ወደ እርሱ መልሰው ይጸልዩ ነበር።

ለሠራዊት አባል ግን ይበልጥ የሚደንቀው ሌላ ታሪክ ነው። ፌሊቼ ቤኑዚ በአገራችን የወራሪው ፋሽስት አስተዳደር ሹም ነበር። አገራችን በ1933 ዓ.ም. ነፃ ስትወጣ ተማርኮ፣ በተራራው ግርጌ በናንዩኪ ታሰረ። ከእስር ቤቱ አጥር ውስጥ ጫፉን ሲያይ ከርሞ፣ በጥር 1935 ዓ.ም. ከሁለት ጓደኞቹ ጋር አመለጠ። የበረዶ መጥረቢያቸው ከመዶሻ የተሠራ፣ የጫማቸው ጥርስ ከውዳቂ ብረት የተቀጠቀጠ፣ ካርታቸውም በሥጋ ቆርቆሮ ላይ የተለጠፈ ሥዕል ነበር! ስንቁን ከዕለት ራሽናቸው ቀንሰው አጠራቀሙት፤ ባለቤቶቻችን የዚህን ብልሃት ክብደት ከእኛ አብልጠው ያውቁታል። ባቲያን አልቀመስ ቢላቸው ሁለቱ 4,985 ሜትር ከፍታ ካለው ሌናና ጫፍ ወጥተው ባንዲራቸውን ተከሉ። ከዚያም በገዛ እግራቸው ወደ እስር ቤቱ ተመለሱ። የ28 ቀን ቅጣት ተፈረደባቸው፤ አዛዡ ግን ድፍረታቸውን አይቶ በ7 ቀን ለቀቃቸው።

የአርበኛ ልጆች ሆነን የወራሪ ሹምን ማድነቃችን ከበደን፤ በዚያ ማለዳ በመካከላችን ክርክር ተነሥቶ ነበር። የተስማማነው ክንዱን ልናደንቅ፣ ባንዲራውን ግን ላናደንቅ ነው። ደግሞም በዚያው ሌናና ላይ፣ ኬንያ ነፃ በወጣችበት በታኅሣሥ 1956 ዓ.ም.፣ ኪሶይ ሙንያኦ የተባለ ኬንያዊ ተራራ ወጪ የአገሩን ሰንደቅ ሰቅሏል። ያን ጊዜ ክርክሩ በረደ።

በረዶው ግን እየሄደ ነው። በአጥኚዎች ልኬት የሉዊስ ግግር ከ1934 እስከ 2010 እ.ኤ.አ. ከይዘቱ 90 በመቶ ያህሉን አጥቷል። ከሌናና በስተሰሜን የነበረው የግሪጎሪ ግግር ከነጭራሹ ጠፍቷል። የዓለም መሞቅና የዝናቡ ማነስ እንደሆነ ይነገራል።

ይህንኑ ለእናታችን ነገርናቸው፤ ዓይንዎ አልደከመም አልን። ደስ ይላቸዋል ብለን ነበር። እርሳቸው ግን ዝም ብለው ጥቂት ተመለከቱና፣ «ምነው ዓይኔ በሆነ» ብለው የተሰጣውን ልብስ ይሰበስቡ ጀመር። ከሦስት ሰዓት በፊት ደመናው ሸፈነው።