እዚያ ማን አለሽ?

አከራዬ ደብተር ይዘው ካንኳኩ የውኃና የመብራት ሊያስከፍሉኝ ነው። ባዶ እጃቸውን ካንኳኩ ግን ጉድ ፈላ ማለት ነው። ያን ዕለት ባዶ እጃቸውን መጡ።

«ልጄ፣ ትልቁ ልጄ ከውጭ ሊመጣ ነው» አሉኝ ነጠላቸውን እያስተካከሉ። «ቤቱን እፈልገዋለሁ።»

ይሄን ትልቁን ልጅ በሁለት ዓመት ውስጥ አንድም ቀን አይቼው አላውቅም። የሚመጣው እኔ ኪራይ አልጨምርም ባልኩ ቁጥር ነው። 7 ሺህ ብር የምከፍልበትን ክፍል 9 ሺህ 500 አድርጊው ብለውኝ ነበር። እኔ ደግሞ ጋዜጠኝነት ተምሬ የለ፣ አዋጅ ጠቀስኩ። «እትዬ፣ በ2016 ዓ.ም. በወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320 መሠረት ውል ከሁለት ዓመት አያንስም። ጭማሪውም መንግሥት በሚያወጣው ልክ፣ በዓመት አንዴ ነው።» እትዬ በጥሞና አዳመጡኝ። አዋጁንም አልተቃወሙም። ልጃቸው ብቻ አውሮፕላን ተሳፈረ።

ሄጄ መከራከር እችል ነበር። ግን ውላችን የቃል ነበር። ደግሞስ ከተካሰስኳቸው ሰው ጋር በአንድ የግቢ በር እየወጡ እየገቡ እንዴት ይኖራል?

ማታ ወረቀት አወጣሁና ሒሳብ ሠራሁ። «ኪራይ፣ 7 ሺህ» ብዬ ጻፍኩ። ከሥሩ «ራይድ» የሚል ጨመርኩ። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ። ታክሲው ከሚያወርደኝ አስፋልት እስከ ቤቴ የ12 ደቂቃ መንገድ ነው፣ ግማሹ ጨለማ። አንድ ምሽት አንድ ሰው ከአስፋልቱ ጀምሮ ተከተለኝ። አልነካኝም፣ አልተናገረኝም። ስቆም ይቆማል፣ ስሄድ ይሄዳል። ክፍት ያገኘሁት አንድ ሱቅ ገብቼ የማልፈልገውን ሳሙና እያማረጥኩ ግማሽ ሰዓት ቆየሁ። ከዚያ ወዲህ ከመሸ ራይድ እጠራለሁ። በወር 12 ጊዜ፣ በትንሹ 250 ብር ብንለው 3 ሺህ ብር ይመጣል። ስለዚህ የቤቴ ኪራይ 7 ሺህ ሳይሆን 10 ሺህ ነበር ማለት ነው። 3 ሺውን የምከፍለው ለጨለማው ነው።

እዚህ ላይ ብዕሬን አስቀምጬ አሰብኩ። ሥራዬ ላፕቶፕ ላይ ነው። ለድረ ገጾች ዜና አርማለሁ፣ ማስታወቂያ እተረጉማለሁ። መብራትና ኢንተርኔት ካለ የትም ሆኜ እሠራዋለሁ። ታዲያ አዲስ አበባ ምን አሰረኝ?

እናቴ ጋ መግባት አልችልም። እሷ ራሷ ከእህቴ፣ ከእህቴ ባልና ከሦስት ልጆቻቸው ጋር ባለ አንድ መኝታ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው የምትኖረው። ሐሳቤን ስነግራት ግን ስለ ኪራዩም ስለ ሥራዬም አልጠየቀችኝም። አንዲት ጥያቄ ብቻ አቀረበች።

«እዚያ ማን አለሽ?»

«እዚያ» የቱ እንደሆነ ገና አልወሰንኩም ነበር። ማንም እንደሌለኝ ግን ሁለታችንም እናውቃለን።

*

መመዘኛዬ ሦስት ነበር፤ ርካሽ፣ ደማቅ፣ ሰላማዊ። ለጓደኛዬ ስነግራት ሳቀችና «ሦስቱን አንድ ላይ ካገኘሽ እኔንም ጥሪኝ» አለችኝ።

መጀመሪያ የመጣልኝ ባሕር ዳር ነበር። ጣና፣ ዘንባባው፣ ብስክሌቱ፤ ማን ይጠላል? እዚያ የምትኖር የክፍል ጓደኛዬ ጋ ደወልኩ። ውጊያው በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ከተፋፋመ በኋላ ኢንተርኔት ለወራት መዘጋቱን አስታወሰችኝ። ሥራዬ በኢንተርኔት ነው። «ቡና እንድትጠጪ እንጂ እንድትኖሪ አሁን አልጠራሽም» አለችኝ። እያዘንኩ ሰረዝኩት።

ቀጥሎ አዳማ ሄድኩ። በ2007 ዓ.ም. የተከፈተው የፍጥነት መንገድ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው፤ ጠዋት ሄዶ ማታ መመለስ ይቻላል። ችግሩም እሱ ነው። ለአዲስ አበባ የቀረበ ነገር ሁሉ የአዲስ አበባን ዋጋ ይማራል። ደላላው ያሳየኝ ክፍል ከእኔው ቤት በ500 ብር ብቻ ይቀንሳል። ማታ ያረፍኩበት ሰፈር መብራት በመብራት ነው፣ ሙዚቃው እስከ መኝታዬ ይሰማል። «ደማቅ» የሚለው ላይ ምልክት አደረግሁ። ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ እራት ልበላ ስወጣ ግን አንድ ነገር አስተዋልኩ። በእግሯ የምትሄድ ሴት እኔ ብቻ ነበርኩ። የቀሩት ወይ መኪና ውስጥ ናቸው፣ ወይ ከወንድ ጋር ናቸው፣ ወይ ሥራቸው እዚያው ደጅ ላይ ነው። አንድ ሰፈር አይቼ ከተማውን አልፈርድበትም። ግን ያን ምሽት አራተኛ መመዘኛ አገኘሁ። የምሄድበት ከተማ ሁሉ ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ አንድ መንገድ ዳር ቁጭ ብዬ ሴቶችን እቆጥራለሁ።

ሀዋሳን ወደድኳት፣ አልዋሻችሁም። አሞራ ገደል ዓሣ በላሁ፣ ፍቅር ሐይቅ ዳር ተራመድኩ፣ ታቦርን ከታች ሆኜ አየሁት። ማታም ዋናው መንገድ ላይ ሴት ሞልቷል። ከአስፋልቱ ገባ ስትሉ ግን ሌላ ነው። በ2008 ዓ.ም. የኢንዱስትሪ ፓርኩ ከተመረቀ ወዲህ ከየገጠሩ የመጡ ብዙ ሴቶች ከተማዋ ውስጥ ክፍል ይከራያሉ። ደመወዛቸው ትንሽ ስለሆነ አንዷን ክፍል ለሦስትና ለአራት ይይዟታል። አንድ አከራይ በግልጽ ነገሩኝ፣ «አራት ሆነው የሚከፍሉኝ እያሉ ለአንቺ ለብቻሽ ለምን አከራያለሁ?» ሒሳባቸው ልክ ነው። ሻይ የጠጣሁባት ቤት ያገኘኋት የፋብሪካ ሠራተኛ ደግሞ «ማታ ከፈረቃ ስንወጣ ተጠራርተን በቡድን ነው የምንሄደው» አለችኝ። ለካስ ያ መንገድ ላይ ያየሁት የሴት ብዛት ሁሉ የድፍረት አይደለም። አንዳንዱ ተያይዞ የሚሄድ ፍርሃት ነው። የሚቆጠረው ለብቻዋ የምትሄደዋ ናት ማለት ነው።

*

ድሬዳዋ የሄድኩት ዝርዝሩን ለመጨረስ ያህል ነበር። ከፉሪ ለቡ በባቡር ተሳፈርኩ። ጣቢያው ከከተማው ውጭ ስለሆነ ከዚያ በባጃጅ ገባሁ።

በማግስቱ ቀትር ላይ ከተማውን ልይ ብዬ ስወጣ ሰው የለም! ሱቁ ተዘግቷል፣ ውሻው ተኝቷል፣ የከዚራ ዛፎች ብቻ ቆመዋል። ቅዝቃዜ ለለመደ የአዲስ አበባ ልጅ ሙቀቱ በጥፊ እንደ መመታት ነው። የቀረው ሰው ወይ ተኝቷል ወይ ጫት ላይ ተቀምጧል። «ደማቅ» የሚለውን ልሰርዝ ምንም አልቀረኝም።

ከዚያ 12 ሰዓት ሆነ።

ምን ልበላችሁ፣ ከተማው ከእንቅልፉ ተነሳ። ወንበር ከየቤቱ ወጣ፣ ምንጣፍ ደጅ ላይ ተነጠፈ፣ ልጆች መንገዱን የኳስ ሜዳ አደረጉት። አንዷ ሳምቡሳ ትጠብሳለች፣ አንዷ ባጊያ፣ አንዷ የሻይ ፔርሙዟን ይዛ ተቀምጣለች። ኦሮምኛ፣ ሶማልኛና አማርኛ በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ተሰባጥረው ይነገራሉ። 2 ሰዓት ላይ ቁጭ ብዬ መቁጠር ጀመርኩ። በሩብ ሰዓት ውስጥ ከፊቴ 31 ሴቶች አለፉ፣ 14ቱ ለብቻቸው። አንዷ ልጅ አዝላ ስልክ እያወራች፣ ወደ ኋላዋ እንኳ ሳትዞር ሄደች። እኔ ወደ ኋላዬ ሳልዞር በማታ ከሄድኩ ስንት ጊዜዬ ነው?

ነገሩ የድሬ ሰው ከሌላው ሰው የተለየ መልአክ ስለሆነ አይደለም። ቤት ውስጥ ስለሚሞቅ ነው። ሙቀቱ ሰዉን ደጅ ያወጣዋል፣ ደጅ የወጣ ሰው ደግሞ መንገዱን ያያል። እኔ ሰፈር 1 ሰዓት ላይ ሁሉም የግቢውን በር ቆልፎ ቴሌቪዥን ይከፍታል። መንገዱ ባለቤት የለውም። እዚህ ባለቤት አለው፣ ባለቤቶቹም በአብዛኛው ሳምቡሳ የሚጠብሱ ሴቶች ናቸው።

ሌላም ነገር አለ። ድሬ ራሷ የመጤ ከተማ ናት። የባቡር ሐዲዱ ተራራውን ወጥቶ ሐረር መድረስ ስላልቻለ ሜዳው ላይ ቀረና በ1895 ዓ.ም. ከተማ ተቆረቆረ። አፄ ምኒልክም «አዲስ ሐረር» ብለዋት ነበር። ፈረንሳዩ፣ ግሪኩ፣ አርመኑ፣ ዓረቡ፣ ሕንዱ፣ ከየአቅጣጫው የመጣው ኢትዮጵያዊ ሁሉ ሥራ ፍለጋ የወረደባት ቦታ ናት። ምናልባት ለዚህ ይሆናል፣ ቤት ስፈልግ «ከየት ነሽ?» ያለኝ ብዙ ሲሆን «ለምን ብቻሽን?» ያለኝ አንድ ሰው ብቻ ነበር።

*

አሁን ሳቢያን ነው የምኖረው፤ አራተኛ ወሬን ይዣለሁ። ሽያጭ ላይ እንዳለ ደላላ እንዳልመስላችሁ ጉድለቱንም ልዘርዝር።

አንደኛ፣ ሙቀቱ። ከሚያዝያ በኋላ ያለው ሙቀት ቀልድ አይደለም። ቬንትሌተር የቅንጦት ዕቃ ይመስለኝ ነበር፤ ከአልጋዬ በፊት የገዛሁት እሱን ነው። ሁለተኛ፣ ውኃው። ማፍያዬ ውስጥ ነጭ ድንጋይ ይጋገራል፣ የሚጠጣ ለብቻው እገዛለሁ። ሦስተኛ፣ ሥራ። ላፕቶፕ ላይ የሚሠራ ሥራ ባይኖረኝ ኖሮ እዚህ በሙያዬ ምን ሠርቼ እንደምኖር አላውቅም። ሥራ ሳትይዙ «ኪራይ ርካሽ ነው» ብላችሁ ዕቃ እንዳትጭኑ።

አራተኛ፣ ርካሽ ነገር ምክንያት አለው። ደላላው መጀመሪያ ያሳየኝ ክፍል 3 ሺህ ብር ነበር። ደቻቱ አጠገብ። ደቻቱ አብዛኛውን ጊዜ ውኃ የሌለው፣ አሸዋ ብቻ የሆነ ወንዝ ነው፣ ሰው ይሻገረዋል፣ ይነግድበታል። ጎረቤት ያሉ አንድ አዛውንት ግን ግድግዳው ላይ ከራሴ ከፍ ያለ ቦታ በከዘራቸው አሳዩኝና «እስከዚህ ድረስ መጥቶ ነበር» አሉኝ። በ1998 ዓ.ም. ክረምት በሌሊት የመጣው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰው ወስዷል። 4 ሺህ 500 ከፍዬ ሳቢያን ገባሁ።

አምስተኛ፣ «ሰላማዊ ከተማ» የሚባል የምስክር ወረቀት የለም። ድሬ በጥር 2011፣ ሀዋሳ በሐምሌ 2011 ሁከት አይተዋል። ነገ ምን እንደሚመጣ ማንም አይፈርምላችሁም። መቁጠር የምንችለው የዛሬን ምሽት ብቻ ነው።

ለከፋም አለ። የት የለም? ባለፈው ወር ማታ ከሱቅ ስመለስ አንዱ እጄን ያዘኝ። እኔ ድምፄ ሳይወጣ፣ ሻይ የምትሸጠዋ ሴት ከወንበሯ ብድግ ብላ ጮኸች። በሦስት ቋንቋ ነው የሰደበችው፤ አንዱን ብቻ ነው የገባኝ። ከምንጣፉም ከኳሱም ሰው ተነሳ። ልጁ እጄን ለቆ ሲሄድ እንኳ ስድቡ አልቆመም ነበር። ከዚያ ወደ እኔ ዞረችና «ቁጭ በይ አቦ፣ ሻይ ጠጪ» አለችኝ። ሒሳብ አልተቀበለችኝም። እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ግን ሳሙና መግዛት አላስፈለገኝም።

ሒሳቡን እንደገና ሠራሁት። ኪራይ 4 ሺህ 500፣ የሚጠጣ ውኃና የቬንትሌተር መብራት አንድ ላይ 900፣ ራይድ ዜሮ። ሒሳቡ ውስጥ ያልገባ አንድ ነገር ቀርቷል፤ ከእናቴ ጋር እሑድ እሑድ የምንጠጣው ቡና። እሱን በምን እንደምተምነው አላውቅም።

ትናንት ደወለችልኝ። የልጆቹ ጩኸት ከኋላዋ ይሰማል። ስለ ሙቀቱ ጠየቀች፣ መብላቴን ጠየቀች፣ ከዚያ እንደ ልማዷ፣

«አሁንም እዚያ ማንም የለሽም አይደል?»

ደጅ ወንበር ላይ ነበርኩ። ሻይ ሻጯ ከመንገዱ ማዶ ሆና «ዛሬ ምነው ዘገየሽ? ደህና ነሽ?» እያለች ትጣራለች።

«ማን ናት?» አለች እናቴ።

ስሟን ነገርኳት። ትንሽ ዝም አለችና «ሰላም በያት» አለችኝ።

እናንተም ከተማ ልትቀይሩ ካሰባችሁ ደላላውን አመስግናችሁ አሰናብቱትና ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ መንገድ ዳር ቁጭ በሉ፤ ለብቻቸው የሚሄዱትን ሴቶች ቁጠሩ። ወንዶችም ብትሆኑ ቁጠሩ፤ ነገ እህታችሁ ልትጠይቃችሁ ትመጣለች።

በሉ ልሂድ፣ 12 ሰዓት ሊሆን ነው። ከተማው ሊነሳ ነው። ቸር ሰንብቱ።